ውዳሴ ለማረጋገጫ ጠቅላዮች

ኮድ የጻፈ ሰው ሥራው እንዳሰበው መሄዱን ለማወቅ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁሉ የምታንሰው፣ «ይህ ከዚያ ጋር እኩል ነውን?» የምትለዋ ናት፤ መልሷም ከአዎንና ከአይደለም አያልፍም። አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ይህችን ጥያቄ በአንድ ወይም በሁለት ምልክት ይጠይቋታል፤ መልሱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ፕሮግራሙን አስቁሞ፣ ስሕተቱ በየትኛው ፋይልና በስንተኛው መስመር እንደ ተገኘ የሚናገረው የማረጋገጫ ትእዛዝም በሲ ቋንቋ የ1989 ደንብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ሁሉ ለማንም በነጻ የተሰጠ፣ ስለዚህም ማንም የእኔ ነው የማይለው ተራ ነገር ሆኖ ሊቀር ሲል፣ በዘመናችን የተነሡ ትጉሃን ፕሮግራመሮች ከወደቀበት አንሥተው፣ ስም አውጥተው፣ አርማ ሥለው፣ የቨርዥን ቁጥር ሰጥተው፣ አዲስ የማረጋገጫ ላይብረሪ ነው ብለው ለዓለም ስላበረከቱልን ውዳሴ ሊነፈጋቸው አይገባም፤ ያበረከቱልንም አንድ ብቻ ሳይሆን፣ ቆጥሮ የሚጨርስ ሰው እስኪታጣ ድረስ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ክብር ሳይቀምሱት አልፈዋል። አለን ቱሪንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ካምብሪጅ ላይ በተደረገ ጉባኤ ባቀረበው አጭር ጽሑፍ፣ ትልቅ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየቦታው ቁርጥ ያለ የማረጋገጫ ቃል ቢያኖር፣ መርማሪው እያንዳንዱን ቃል ለብቻው መርምሮ ከዚያ ተነሥቶ የጠቅላላውን እውነተኛነት ሊደርስበት እንደሚችል አስረድቷል፤ ሮበርት ፍሎይድ በ1967፣ ቶኒ ሆርም በ1969 የፕሮግራምን እውነተኛነት የማስረዳቱን ነገር በሎጂክ ሥርዓት አጸኑት። ሦስቱም ታዲያ የሚጨነቁት ስለ እውነት ብቻ ነበርና፣ ዛሬ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያገኘውን የባለ ፓኬጅነት ማዕርግ ሳያገኙ ቀሩ። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ደግሞ በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ በአውሮፕላን ሲጓዙ ጄዩኒት የተባለውን የጃቫ ቋንቋ የቴስት መሣሪያ ጀመሩ፤ ከእነርሱ ወዲህ የመጣው ጠቅላይ ሁሉ ግን ከዚህ ታሪክ የተማረው የመሣሪያውን ጥቅም ሳይሆን፣ ሥራው በአንድ ጉዞ ሊጀመር መቻሉን ይመስላል።

የአጠቀላለሉን ሥርዓት ያላየ ሰው የድካማቸውን መጠን አያውቅም። ፋንክሽኑ ራሱ፣ ሁለት ነገሮችን ተቀብሎ እኩል ሳይሆኑ ቢያገኛቸው ስሕተት የሚወረውረው፣ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ ዙሪያውን ግን የፓኬጁን ስምና ቨርዥን የሚናገር ፋይል፣ ሪድሚ፣ የለውጡ ዜና መዋዕል፣ ሊያግዝ ለሚመጣ ሰው የተጻፈ መመሪያ፣ እርሱም ሲመጣ የሚጠብቀው የጠባይ ቀኖና፣ በመጨረሻም ላይሰንስ ይከቡታል፤ ለአንዲት ቅንጣት ጤፍ ጎተራ ማቆም ማለት ይህ ነው። ከእነዚህ ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ላይሰንሱን ነው። ብዙዎች የሚመርጡት፣ ኤምአይቲ የሚባለው፣ ከፋንክሽኑ ብዙ እጥፍ የሚረዝም ከመሆኑም በላይ፣ ሶፍትዌሩ እንዲሁ እንዳለ የቀረበ መሆኑንና ምንም ዓይነት ዋስትና የሌለው መሆኑን በትላልቅ ፊደላት ያውጃል። የሌላውን ሰው ኮድ እውነተኛነት ሊያረጋግጥ የመጣው ላይብረሪ፣ ስለ ራሱ ግን ምንም ነገር እንደማያረጋግጥ ምሎ ይነሣል። ከዚህ የበለጠ ትሕትና ወዴት ይገኛል?

አንደበታቸውም ከትሕትናቸው አያንስም። በጃቫስክሪፕት ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው ቻይ የተባለው ላይብረሪ ያችኑ የእኩልነት ጥያቄ በሦስት ዓይነት ስልት ያስጠይቃል፤ ከሦስቱም በሁለቱ፣ ኮዱ እንደ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይነበብ ዘንድ፣ «ቱ»፣ «ቢ»፣ «ዛት»፣ «ዊች» እየተባሉ በነጥብ የሚቀጣጠሉ ቃላት ይገቡበታል፤ የላይብረሪው መመሪያ ራሱ እንደሚያስረዳው እነዚህ ቃላት ንባቡን ከማሳመር በቀር የሚፈትሹት ነገር የለም። ከኀልዮም ከገቢርም የተለየ ነቢብ እንዲህ ባለ ንጽሕና ተገኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የፓይተን ቋንቋም በ2001 ከመደበኛ ላይብረሪው ጋር በደባለቀው ዩኒትቴስት ውስጥ ይህችው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሦስት ስሞች ነበሯት፤ አንደኛው «አሰርት ኢኳል»፣ ሁለተኛው ያው ሆኖ በመጨረሻው ላይ አንዲት የ«ኤስ» ፊደል የተጨመረችበት፣ ሦስተኛው ደግሞ እኩል ካልሆኑ ውደቅ የሚል ነበርና፣ ትርፎቹ ሁለት ስሞች በ2023 በወጣው በ3.12 ቨርዥን እስኪወገዱ ድረስ፣ አንድ ነገር በሦስት ስም በመጠራቱ እውነትነቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም።

የጥያቄው ሁለት ወገኖች በየትኛው ቅደም ተከተል ይቁሙ የሚለው ክርክር ግን ከስሙ ይልቅ ፍሬ አፍርቷል። ጄዩኒት አስቀድሞ የሚጠበቀውን፣ ቀጥሎ የተገኘውን ይቀበላል፤ ቴስት ኤንጂ የተባለው የዚያው የጃቫ ቋንቋ መሣሪያ አስቀድሞ የተገኘውን፣ ቀጥሎ የሚጠበቀውን ይቀበላል። ደግሞም በአራተኛው ጄዩኒት ፈተናው ሲወድቅ የሚነገረው መልእክት ከሁሉ ፊት ይቆም ነበር፤ በ2017 የወጣው አምስተኛው ወደ ኋላ ወሰደው። ሦስቱም ነገሮች የጽሑፍ ዓይነት በሆኑ ጊዜ ኮምፓይለሩ ምንም ሳይናገር ያሳልፋቸዋልና፣ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ሲሻገር ቅደም ተከተሉን መለወጥ የዘነጋ ሰው መልእክቱን ከሚጠበቀው ነገር ጋር ሲያስተያይ ይገኛል። ፋንክሽኑ እኩል አለመሆንን የሚያረጋግጠው ዓይነት ከሆነማ፣ መልእክትና ዋጋ መቼም እኩል አይሆኑምና፣ ያ ፈተና ኮዱ ቢበላሽም ባይበላሽም እስከ ዕለተ ምጽአት ሲያልፍ ይኖራል።

ጠቅላይ ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ በሌላው ጥቅል ላይ ይደገፋል። ኤንፒኤም በተባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች መዝገብ ኢዝ ኢቭን የሚባለው ፓኬጅ አንድ ቁጥር ተጋማሽ መሆኑን የሚያውቀው፣ ኢዝ ኦድ የተባለውን ፓኬጅ ኢተጋማሽ መሆኑን ጠይቆ የተሰጠውን መልስ በመገልበጥ ነው፤ ኢዝ ኦድም በፈንታው ነገሩ ቁጥር መሆኑን ለማወቅ ኢዝ ነምበር ወደተባለው ይሄዳል። በማረጋገጫ ላይብረሪዎችም ዘንድ ፈተናው ሲወድቅ የሚወረወረው ስሕተት ለብቻው ተጠቅልሎ፣ የራሱ ስምና ቨርዥን ተሰጥቶት ይገኛል፤ ያልተሳሳተ ሰውም እንኳ ስሕተቱን አስቀድሞ አውርዶ ያስቀምጣል። በማርች 22 ቀን 2016 የሆነው ነገር የዚህን መደጋገፍ ጽናት ለዓለም ሁሉ አሳየ። ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ የሌላት፣ 11 መስመር የሆነች ሌፍት ፓድ የምትባል ፓኬጅ ነበረች፤ ደራሲዋ በሌላ ፓኬጅ ስም ምክንያት በተነሣ ክርክር ተቆጥቶ ከ250 የሚበልጡ ፓኬጆቹን ከመዝገቡ ሲያነሣ እርሷም አብራ ሄደች፤ በዚያች ሰዓት ባቤልን የመሳሰሉ ታላላቅ መሣሪያዎች ሊጫኑ አልቻሉም፤ ስለ ሌፍት ፓድ ሰምተው የማያውቁ ሰዎችም ሥራቸው ቆመ፤ የመዝገቡ ባለቤቶች ደራሲው ያነሣትን መልሰው እስኪያኖሯት ድረስ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሰዎች፣ ዐሥራ አንዱን መስመር እኛው ብንጽፈውስ የሚል ኑፋቄ ማንሣታቸው አልቀረም።

ኑፋቄውም ደጋፊ አላጣም። ፓይቴስት የተባለው መሣሪያ፣ ተጠቃሚው ብዙ የፋንክሽን ስም እንዲያጠና ከማስገደድ ይልቅ፣ የፓይተንን የራሱን ተራ የማረጋገጫ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ከውስጥ በኩል እያደሰ፣ ፈተናው ሲወድቅ በግራና በቀኝ የነበረውን ዋጋ አውጥቶ ያሳያል። ኖድ የተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃም ከጥንቱ የራሱ የማረጋገጫ ሞጁል ሲኖረው፣ በ2022 ደግሞ የራሱን የቴስት ማስኬጃ ጨመረበት። ሁለት ውስብስብ ነገሮችን እስከ ውስጣቸው ዘልቆ ማስተያየት ግን በእውነት ከባድ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ የኖድ የቀድሞው ጥልቅ ማስተያያ ቁጥር የሆነውን 1 እና ጽሑፍ የሆነውን «1» እኩል ናቸው ብሎ ያሳልፋል። በዚህ የደከመ፣ ወይም የወደቀ ፈተና ለምን እንደ ወደቀ በግልጽ የሚናገር መልእክት ለማበጀት የተጋ ሰው ለሌላው ጠቅሟልና፣ ይህ ውዳሴ እርሱን አይመለከትም።

ለተወዳሾቹ የቀረው ነገር ፈታሹን ማን ይፈትሸዋል የሚለው ነው። ማረጋገጫ ላይብረሪ ያለ ቴስት ሊታተም አይገባምና፣ ጠቅላዩ ቴስት ይጽፋል፤ የሌላ ሰው ማረጋገጫ ላይብረሪ መጠቀም የእርሱን አላስፈላጊነት መመስከር ስለሚሆንበትም፣ የራሱን ላይብረሪ በራሱ ላይብረሪ ይፈትሻል። እኩልነትን የሚያረጋግጠው ፋንክሽኑ ድንገት ተበላሽቶ ለማናቸውም ነገር ስሕተት መወርወሩን ቢተው፣ እኩል ናቸው ወይ ተብሎ የሚጠየቀው ፈተና ሁሉ ያልፋል፤ በሪድሚው ራስ ላይ ያለው አረንጓዴ ባጅም መብራቱን አያቋርጥም፤ ተጠቃሚዎቹም ከዚያች ቀን ጀምሮ ፈተና ወድቆባቸው ስለማያውቅ ላይብረሪውን እጅግ አብልጠው ይወዱታል። ይህን አደጋ የሚጠባበቅ፣ ማረጋገጫ ላይብረሪዎችን ብቻ የሚያረጋግጥ ትንሽ ፓኬጅ ቢኖር መልካም ነበር፤ ስሙ አስቀድሞ በሌላ ካልተያዘ አንዱ ዛሬ ማታ ሳይጀምረው አይቀርም።