የተመስገን አቅርቦት

ስለ አካል ጉዳት በሚደረገው የፍልስፍና ክርክር ሁለት አመለካከቶች ጎልተው ይታያሉ፤ አንደኛው ችግሩን በግለሰቡ አካል ውስጥ የሚፈልገው የሕክምና አመለካከት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የብሪታንያ አካል ጉዳተኞች ያነሡት ማኅበራዊ አመለካከት ደግሞ ሰውን ከኑሮ የሚያስቀረው ከአካሉ ይልቅ ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃና የሚሸሸው ጎረቤት ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች ግን በወላይታ በሻንቶ ገበያ ዘወትር የሚሠራበትን ሦስተኛውን ዘንግተውታል፤ ይኸውም እግሩ ያበጠ ሰው ሲያልፍ ከንፈር መጥጦ «እኔን እንዲህ ያላደረገኝ ጌታ ይመስገን» በማለት የሚገለጸው፣ አካል ጉዳተኛ የተፈጠረው ጤነኛው ጤናውን እንዲያስታውስ ነው የሚለው ጥልቅ ትምህርት ነው።

ለዚህ ትምህርት የወላይታ ምድር የታደለ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ፣ በዘርም ተጋላጭ የሆኑ ሰዎችን ይይዛል። ጫማ በየቤቱ ቢገባ የምስጋናው ምንጭ ስለሚነጥፍ፣ የሚመለከተው አካል ከወዲሁ የአቅርቦት ዕቅድ ቢያወጣ መልካም ነው፤ ለየቀበሌው በቂ ሕመምተኛ ይመደባል፣ ተመዳቢው ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ከእህል ተራ እስከ ቅቤ ተራ ቀስ ብሎ ያነክሳል፣ እብጠቱን በረጅም ሱሪ የሸፈነ እንደ ሸቀጥ ደባቂ ይቀጣል፣ ታጥቦና በፋሻ ታስሮ እግሩ የቀነሰለት ደግሞ ምትክ ሳያቀርብ ጫማ እንዳያደርግ ይከለከላል። ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም፤ የሚያመሰግንበት ያጣ ሕዝብ ስለ ቧንቧ ውሃ መጠየቅ ይጀምራል፣ ውሃው ከመጣ እግር ይታጠባል፣ እግር ከታጠበም ሕመምተኛ ይጠፋል።



የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ ይኑራቸው ማለቱም በዚሁ ሚዛን ችኩልነት ነበር፤ ደረጃ የሚወጣው ሰው ታዲያ በምን ያመሰግናል? ከዝሆኔ ቤት ልጅ አላጋባም የሚሉ ቤተሰቦችም ትዕይንቱ እንዳይደበዝዝ የሚደክሙ ባለውለታዎች ናቸው።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ሕመምተኛው ራሱ በማን ያመስግን ቢባል፣ ትምህርቱ የባሰበትን ይመልከት ይላል፤ የባሰበትም «የባሰ አታምጣ» እያለ ከእርሱ የባሰበትን ያያል፤ ከሁሉ የባሰበት ሰው ወደ ማን እንደሚያይ ግን የከንፈር መጣጮቹ ጉባኤ እስካሁን አልወሰነም።