ሻይ ቤቱ አሰልጣኝ ሲሾም

ሶዶ ላይ የወላይታ ድቻ አሰልጣኝ ሲሰናበት በመጀመሪያ ሥራ የሚበዛበት የክለቡ ቦርድ አይደለም፤ ሻይ ቤቱ ነው። ቦርዱ የስንብት ደብዳቤውን ፈርሞ ሳይጨርስ ከስታዲየሙ ዝቅ ብሎ ባለው ሻይ ቤት ተተኪው ተሹሟል፣ ምክትሉ ተመርጧል፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ይቀየር አይቀየር የሚለው ላይ ግን ገና አልተስማሙም። ከተሰበሰቡት መካከል ድምፅ ያለው የለም። ደመወዝ የሚከፍል የለም። የሚጠይቃቸውም የለም። ይህን ከንቱ ልፋት የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ላመሰግነው ነው የተነሳሁት።

አንድ ምሽት ልንገራችሁ። ዳሞታ ተራራ ደመናውን ለብሶ ካፊያው ወደ ከተማው ሲወርድ ወደ ውስጥ ገባሁ። ጥግ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ተቀምጠው፣ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ቆርኪ ደርድረዋል። አራት ከኋላ፣ ሦስት መሐል፣ ሦስት ከፊት፤ ግብ ጠባቂው የቢራ ቆርኪ ነው፣ ሌሎቹ የለስላሳ። ፊት ለፊታቸው የባጃጅ ሹፌር። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ሞተሩን አጥፍቷል። ያ ሰዓት ሰው ከሥራ የሚገባበት፣ ለባጃጅ ገበያው የሚደራበት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው «ሥራ ላይ ነህ?» ሲሉት ቀና ሳይል በእጁ አሰናበታቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት አሰልጣኝ እኮ መከላከል ብቻ ነው የሚያውቀው» አላቸው።

«አንተ ልጅ፣ መከላከል ባንችል ኖሮ ካይሮ ላይ ምን ይውጠን ነበር?» አሉና የግራ ተከላካዩን ቆርኪ በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጀበናዋን ከከሰሉ ላይ አንስታ ቆማ ስትሰማ ቆየች። «የምታመጡት ሰውዬ ወላይትኛ ይሰማል?» አለች በመጨረሻ። «ልጆቹ ሲከፋቸው በምን ሊያጽናናቸው ነው?» ቤቱ ጸጥ አለ። ስለ አሰላለፍ፣ ስለ ልምድ፣ ስለ ደመወዝ ሲከራከር ያመሸ ሁሉ ይህን አላሰበውም ነበር። ከዚያ ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ መምህሩም ቆርኪዎቹን ሰብስበው ከዜሮ ደረደሩ።

የካይሮው ነገር ለማያስታውስ ሰው ይህ ሁሉ ግለት ከየት እንደመጣ አይገባውም። መሳይ ተፈሪ ድቻን ለዓመታት ያሰለጠነ ሰው ነው። ክለቡ በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ሲገባ ገና ለጋ ነበር፤ ሊጉ ውስጥ እግሩን ተክሎ በ2009 ዓ.ም. መከላከያን አሸንፎ የኢትዮጵያ ጥሎ ማለፍ ዋንጫን ሲያነሳ፣ ሶዶ ውስጥ የመሳይን ስም ከድቻ ስም ለይቶ የሚጠራ አልነበረም። በ2010 የውድድር ዘመን ግን ወንበሩ ወደ ዘላለም ሽፈራው ዞረ። በዚያ ሰሞን ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ብትዞሩ የምትሰሙት ሁለት ቃል ነው። አንዱ ወገን «ባለውለታ እንዲህ አይሸኝም» ይላል፤ ሌላው «ውለታ ነጥብ አያመጣም»። ወንድማማቾች ምሳ ተቀራርበው መብላት ያቆሙበት ቤት አውቃለሁ።

ከዚያ የኮንፌዴሬሽን ካፕ መጣ። የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አለፍነው። ቀጥሎ የደረሰን ዛማሌክ ነው፤ የአፍሪካን ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ የወሰደው ዛማሌክ። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን፣ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ በመለያ ምት አለፍን። ኋላ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ብንሰናበትም ያን ምሽት ከሶዶ የሚነጥቅ የለም። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ፣ መኪናው ጥሩንባ እየነፋ፣ የማይተዋወቅ ሁሉ እየተቃቀፈ ነበር።

እኔ ግን ከሁሉ የማልረሳው በማግሥቱ የሰማሁትን ነው። መሳይ መሄድ አልነበረበትም ብሎ ሲምል የከረመው ሰው ዓይኑ በደስታ እንባ ቀልቶ መጣ። ሰው ሁሉ «እህሳ፣ አሁንስ ታምናለህ?» አለው። «ዘላለም አጨደ» አለ፤ «የዘራው ግን መሳይ ነው።» ከዛማሌክ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ክርክሩ ግን አልተዘጋም። መዘጋትም አልነበረበትም። ያ ሰው የተናገረው ስለ ኳስ ብቻ አልነበረም፤ የደከመልህን ሰው በድል ቀን ስላለመርሳትም ነው። ሻይ ቤቱ ባይከራከር ኖሮ በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሐል የመሳይን ስም ማን ያነሳ ነበር?

«የማያውቁትን ነገር ያወራሉ» የሚሉ አሉ። የሚያውቁትንስ አይተናል። በእንግሊዝ አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን 26 ዓመት መርቶ በ2005 ዓ.ም. ሲወርድ፣ ተተኪውን ዴቪድ ሞይስን የመረጠው እሱ ራሱ ነበር። ከፈርጉሰን በላይ ያንን ወንበር የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ሞይስ አንድ የውድድር ዘመን እንኳ አልጨረሰም። ድቻ ዛማሌክን በጣለበት በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ አርሰን ቬንገር ከ22 ዓመት በኋላ አርሰናልን እንደሚለቅ ተናገረ፤ ሶዶ ውስጥም የአርሰናል ደጋፊዎች እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ተጨቃጨቁበት። ቬንገር ድምፃቸውን አይሰማም። እነሱም ያውቁታል። ሰው ግን ለሚወደው ነገር የሚጨነቀው እንዲሰማለት ብሎ አይደለም።

የድቻ ደጋፊ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ፣ ሶዶ የራሷን ልጆች በስክሪን ማየት ለመደች። ሜዳው እዚሁ፣ ቡድኑ ሌላ ከተማ። ያ ባጃጅ ነጂ እንደ ድሮው ከመስመር ዳር ቆሞ «ጨርሰው!» ብሎ መጮህ አይችልም። ተጫዋቹ ፊቱን ዞር አድርጎ አያየውም። ታዲያ ምን ቀረለት? ያቺ ጠረጴዛ፣ እነዚያ ቆርኪዎች። ገቢውን ትቶ፣ ደንበኛ መልሶ የሚከራከረው ለዚህ ነው። ክለቡ የእሱ መሆኑን የሚያሳይበት ሌላ ቦታ የለውም።

ድቻዎች የጦና ንቦች ይባላሉ፤ በመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ በካዎ ጦና ስም። ንብ ያረባ ሰው ስያሜው እንዴት ልክ እንደሆነ ያውቀዋል። አውራው የጠፋበት ቀፎ ጩኸቱ ይለወጣል፤ ከውጭ ለሚሰማው ሁከት ነው። ሠራተኞቹ ግን አንድ እጭ መርጠው አይቀመጡም። ብዙ እጮችን በአንድ ጊዜ ልዩ ምግብ እየመገቡ ያሳድጋሉ፤ ከእነዚያ አንዷ አውራ ትሆናለች። ዝም ያለ ቀፎ ነው የሚያስፈራው።

አንድ ነገር ግን እጠላለሁ፤ ክርክሩ ወደ ሰውዬው እናት፣ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ሲወርድ፣ ወይ የተወለደበት ቦታ ተጠርቶ ሲሰደብ። አሰልጣኝ ሆኖ የሚሸነፈው እሱ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ምን ሠሩ? እንዲህ ያለው ሲጀመር ያቺ ቡና አፍይ ሲኒውን ትሰበስባለች፤ ሰውም ያፍራል። ሌላውን ሁሉ፣ መማሉን፣ ጠረጴዛ መደብደቡን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ መቀመጡን እወደዋለሁ። ወጣት በሽማግሌ ፊት ቆሞ ሐሳቡን የሚሞግትበት፣ ሽማግሌውም «ተው አንተ!» ብሎ ዝም የማያሰኝበት ስንት ቦታ አለን?

ያን ምሽት ስምምነት አልተደረሰም። ሹፌሩ የሁለቱን ሻይ ሒሳብ ከፈለ፤ መምህሩ «ተው ወንድሜ፣ የኔ ተራ ነው» ቢሉትም አልሰማቸውም። አስተናጋጇ ጨርቅ ይዛ ጠረጴዛውን ልትወለውል መጣች። ቆርኪዎቹን በአንድ እጇ ልትጠርግ ስትል መምህሩ ቀድመው አንዷን አነሱና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

«አጥቂ ነው» አሉ፤ «ነገ ያስፈልገናል።»