ለአሳቲግ ደሴት ፈረሶች የቀረበ ግልጽ አቤቱታ

ለአሳቲግ ደሴት የዱር ፈረሶች
ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ በሽርሽር ላይ እየደረሰብን ስላለው በደል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኛ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች በሰመር ቤተሰባችንን ጭነን ወደ ደሴታችሁ በመጣን ቁጥር የምታደርሱብን ነገር ከልክ እያለፈ ስለሄደ፣ ይህን አቤቱታ ለመጻፍ ተገደናል።

በቅድሚያ ወደ እናንተ መምጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ገደማ ይነዳል፣ ያውም የቼሳፒክ ድልድይ ከፈቀደ። በሰመር ቅዳሜ ጠዋት የሜሪላንድ ሕዝብ በሙሉ ድልድዩ አፍ ላይ ተሰልፎ ይገኛል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንውጣ ተባብሎ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሚወጣው ወገን ማን እንደሆነ ግን መናገር አያስፈልግም። መኪናው ውስጥ ያለውን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሽታው ቀድሞን ይደርሳል። በፎይል የተጠቀለለ እንጀራ አለ፣ በአዋዜ የታሸ ሥጋ አለ፣ ከነድስቱ በፎጣ የታሰረ ዶሮ ወጥ አለ፣ ጀበናው ከነረከቦቱ፣ ከሰሉ ከነዕጣኑ። ባሕሩን ለማየት ነው የመጣነው፤ ግን ባሕሩን የሚያየው ልጅ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚያየው ድስቱን ነው።

ይህ ሁሉ ገና ተዘርግቶ ሳያልቅ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ብቅ ትላላችሁ። እንብላ ያላችሁ የለም። ከመካከላችሁ አንዱ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቡናማው፣ የኩለሩን ክዳን በላይኛው ከንፈሩ ፈልቀቅ አድርጎ ሲከፍት ዓይናችን አይቷል። ሰላጣውን ወደ ጎን ገፋ፣ ድፎ ዳቦውን ከነኮባው አነሳ፣ ምራቁ የተዝረበረበበትን ቲማቲም ለእኛ ተወልን። ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ዞር ብሎ ያያል።

አክስታችን ግን እንግዳ ሆነን ሳለን እናንተን እንደ እንግዳ ነው የተቀበለችው። የአንዱን ሆድ አይታ «ኧረ ይህቺ እርጉዝ ናት፣ አምሯት ብትቀርስ» አለች። የፓርኩ ሰዎች እንደሚሉት ሆዳችሁ የሚነፋው የጨው ረግረጉን ሣር ስለምትግጡ፣ ጨው ደግሞ ከሌላው ፈረስ እጥፍ ያህል ውሃ ስለሚያስጠጣችሁ ነው። እርጉዝ የተባለችው ደግሞ ድንጉላ ሆና ተገኘች። ለነገሩ ባዝራዎቻችሁም ከ1994 ጀምሮ ለዓመታት የወሊድ መከላከያ በቀስት ሲወጉ ነበር፤ ከ80 እስከ 100 ድረስ እንድትሆኑ ነው የሚፈለገው። እኛ አገር ይህን ያህል የተሳካ የቤተሰብ ምጣኔ አላየንም። ያም ሆኖ አክስታችን በርበሬው የበዛበትን ትታ በአልጫ ጠቅልላ አጎረሰች። ከፈረስ 40 ጫማ ራቁ፣ ማለትም አንድ አውቶቡስ ያህል፣ የሚለው ማስታወቂያ ከጀርባዋ ተተክሏል። እናንተም ጉርሻውን ስትቀበሉ ጣትና እንጀራ መለየት አልቻላችሁም። ባጎረስን ተነከስን ማለት ይህ ነው።

ፈረስ ከማያውቅ ሕዝብ የመጣን እንዳይመስላችሁ። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያልነው በፈረሳቸው ስም ነው። እናንተ ኮርቻ ያላያችሁ፣ በመዝገብ ላይ ፊደልና ቁጥር የተለጠፈላችሁ ናችሁ። የዘር ሐረጋችሁንም አጣርተናል። ከሰጠመ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው እየተባለ ይወራላችኋል። ሌላው ታሪክ ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢው ገበሬዎች አጥር ከማጠርና የከብት ግብር ከመክፈል ለመዳን ደሴቱ ላይ የለቀቋቸው ፈረሶች ዘር ናችሁ ይላል። ከግብር የተሸሸገ ንብረት መሆናችሁን ስንሰማ፣ እውነት ለመናገር፣ ከመካከላችን አንዳንዶች የሥጋ ዘመድ ያገኙ ያህል ነው የተሰማቸው።

መሬቱም የአባቶቻችን ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩ። በ1950ዎቹ ደሴቱ ተሸንሽኖ ከ5,000 በላይ ቦታ ለግለሰብ ተሸጦ ነበር፤ ባልቲሞር ቡልቫርድ የተባለ አስፋልትም ተነጥፎ ነበር። በማርች 1962 የመጣው ማዕበል መንገዱንም ቤቶቹንም ጠራርጎ ወሰደና፣ በ1965 ቦታው የሕዝብ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። የአስፋልቱ ስብርባሪ ዛሬም አሸዋው መካከል ይታያል። ማዕበሉ ባይመጣ ኖሮ ይኼኔ ከእኛው ሪልተሮች አንዱ፣ ከረባት አስሮ፣ «ባሕር ያየ፣ ፈረስ ያለው ግቢ» እያለ ቲክቶክ ላይ በጮኸ ነበር። ቨርጂኒያ ወገን ያሉት፣ በአጥር የተለዩት ዘመዶቻችሁ ደግሞ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጓድ ንብረት ናቸው፤ በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ውሃውን በዋና ይሻገሩና ውርንጭሎቻቸው በጨረታ ይሸጣሉ። ሜሪላንድ ይሻላል ወይስ ቨርጂኒያ የሚለው ክርክር ለእኛም አዲስ አይደለም፤ አንገባበትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ቺፕ የተባለውን ጓደኛችሁን ታስታውሱታላችሁ። ሰው ሲያጎርሰው አደገና፣ በኋላ ሳይጎርስ መሄድ አልሆነለትም። ድንኳንና ጠረጴዛ እየፈተሸ፣ የሚከለክለውን እየተጋፋ አስቸገረ። በ2022 መኪና ላይ ተጭኖ ቴክሳስ ወደሚገኝ የእንስሳት መጠለያ ተላከ። ከባሕር ዳር ተወልዶ ባሕር ወደሌለበት። ፍርዱ ላይ ቅሬታ የለንም። ከአጉራሾቹ መካከል ወደ ቴክሳስ የተላከ አንድም ሰው አልሰማንም፤ በቀጣዩ ሰመር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሌላ ፈረስ ሲጠሩ ነበር። መኪና ሲቆም ምግብ ይመጣል ብለው መንገድ ዳር መቆም የተማሩ ወንድሞቻችሁ በመኪና ተገጭተው መሞታቸውንም እናውቃለን። መኪናውን የሚያቆመው ሰው ምን ያድርግ? ልጁ «ፎቶ! ፎቶ!» እያለ እያለቀሰ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ እኛ ከእናንተ 40 ጫማ መራቅ እንደማይሆንልን ስለተረጋገጠ፣ እናንተ ከእኛ እንድትርቁ በትሕትና እንጠይቃለን። ለኩለሩ ማሰሪያ ግዙ፣ ምግቡን መኪና ውስጥ ቆልፉበት የሚለውን ምክር ሰምተነዋል፤ ነገር ግን ተቆልፎ የሚበላ ምግብ እኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። የፓርኩ ጠባቂ መጥቶ ሲጠይቀን ደግሞ «እኛ አልጠራናቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የመጡት» ማለታችን ስለማይቀር፣ እንጀራው አፋችሁ ላይ እያለ እንዳታሳጡን አደራ።

ከሰላምታ ጋር
የሽርሽር አስተባባሪ ኮሚቴው

ግልባጭ፦
ለቺፕ፣ ቴክሳስ
በሰሜኑ ጫፍ ለሚፈለፍሉ የፓይፒንግ ፕሎቨር ወፎች (ለጫጩቶቻችሁ ተብሎ የተዘጋው አሸዋ ውስጥ ልጆቻችን የገቡት ኳስ ተከትለው ነው)
ለደሴቱ ትንኞች (በደም የከፈልነው ከመግቢያው ላይ ይታሰብልን)