የልጅ ዕድሜ በአንድ ቅዳሜ ውስጥ ስለሚያሳየው መዋዠቅ

የሰው ዕድሜ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በእኩል ፍጥነት ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል የሚለው እምነት ሰፊ ተቀባይነት አለው። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ ሊቃውንት፣ ልደት የሚመዘግቡ ቢሮዎችና የልደት ኬክ የሚሸጡ ቤቶች ሥራቸውን የመሠረቱት በዚሁ እምነት ላይ ነው። ለአዋቂ ሰው ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ከ3 እስከ 8 ዓመት ባለው ክልል ውስጥ ለሚገኝ ልጅ ግን ፈጽሞ አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከወላጆቹ ጋር ለመዝናናት የወጣ ማሙሽ ማታ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ዕድሜው እንደ ሽንኩርት ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ የልጅ ዕድሜ የሚለካው በጊዜ ሳይሆን በሂሳብ ነው። «ስንት ዓመቱ ነው?» ሲባል የሚሰጠው ቁጥር፣ «ማን ይክፈል?» ለሚለው በግልጽ ላልተነሣው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ይገኛል። በታክሲ ዓለም ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚታቀፍና የሚከፈልበት። ከሳሪስ ወደ ስታዲየም የሚሄድ ታክሲ ገና ሳይሞላ ማሙሽ ለብቻው ወንበር ይዞ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል እናት የራሷን ብቻ ትዘረጋለች። «የልጁስ?» ይላል ረዳቱ። «ሕፃን እኮ ነው ወንድሜ፣ እታቀፈዋለሁ።» «ይሄ ነው ሕፃን? ይሄማ ሚስት ሊያገባ ነው!» በዚህች ቅጽበት ማሙሽ በእናቱ ዘንድ 3 ዓመቱ፣ በረዳቱ ዘንድ 20 ዓመቱ ነው። ክርክሩ በረዳቱ አሸናፊነት አልቆ የልጁ ሂሳብ ተከፈለ እንበል። ታክሲው ጎተራ ሲደርስ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከነፌስታሉ በሩ ላይ ይቆማል። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «እናት፣ ሕፃኑን እስቲ ያዝ አድርጊው» ይላል። እናትም «ተከፍሎበታል፤ ይሄን የሚያህል ልጅ አይታቀፍም» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ሳሪስ ላይ ሕፃን ነው ስትል የነበረችው ጎተራ ላይ ትልቅ ነው ትላለች፤ ለትዳር ያጨው ረዳት ደግሞ ወደ ጨቅላነት መልሶታል። ማሙሽ ግን ግንባሩን ከመስታወቱ አላነሣም። ዕድሜው በጊዜ ቢለካ ኖሮ በዚህ መሐል ያደገው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። በሂሳብ ስንለካው ግን አንድ ጊዜ ሸምግሎ አንድ ጊዜ ዳግም ተወልዷል።

ሁለተኛው ማስረጃ የመናፈሻ በር ነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ከተከፈተና የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከተለው ወዲህ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ የሚሄድበት ቦታ በርክቷል፤ በዚያው ልክ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚባልበት በርም በርክቷል። ትኬት ቆራጩ ዘንድ ከመደረሱ በፊት እስካሁን በራሱ እግር ሲሮጥ የመጣው ማሙሽ ብድግ ተደርጎ ይታቀፋል። እግሮቹ ከእናቱ ጉልበት በታች ተንጠልጥለው፣ የጫማው ጭቃ ቀሚሷን እያቆሸሸ፣ «ገና ሦስት አልሞላውም» ይባልለታል። በሩን አልፎ ጥቂት እርምጃ እንደተሄደ የሚሽከረከረው ጨዋታ አጠገብ ቁመት መለኪያ መስመር ያለበት ሰሌዳ ቆሟል። ከመስመሩ ያነሰ አይሳፈርም። ያው ማሙሽ ወዲያው ይወርድና በእግሩ ጣቶች ይቆማል፤ አባት የልጁን ጸጉር በጣቱ ወደ ላይ እያበጠረ «ስድስት ዓመቱን ይዟል እኮ! ፈሪ እንዳይመስልህ!» ይላል። የመግቢያው ትኬት ገና ከእጁ አልወጣም። ከዚያ ወጥተው ጫማ ሊገዙ መርካቶ ጎራ ካሉ ደግሞ ልጁ የሚመጣውን ዓመት እግር ይዞ ይገኛል፤ ሁለት ቁጥር የሰፋ ጫማ አፍንጫው ላይ ወረቀት ተጠቅጥቆ «ያድግበታል» ተብሎ ይገዛለታል። መግቢያ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሰሌዳው ላይ ወደ ፊት ሮጦ፣ ጫማ ቤት ውስጥ ከራሱ ቀድሞ የሄደ ልጅ ነው።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው የመጀመሪያ ተቃውሞ ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ታዲያ የልደት ምስክር ወረቀት እያለ ዕድሜ እንዴት ያከራክራል? መልሱ ቀላል ነው። ወረቀቱ የሚናገረው ልጁ የተወለደበትን ቀን እንጂ ታክሲ ውስጥ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይደለም። ከዚህም በላይ ዕድሜ የሚጠይቁ ተቋማት ራሳቸው በወረቀት ብቻ አምነው አያውቁም። አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት እንዲገባ ቢደነገግም፣ ለረጅም ዘመን በትምህርት ቤቶቻችን የሠራው መለኪያ ሌላ ነበር፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን እንዲይዝ ይታዘዛል። የደረሰ ይመዘገባል፤ ያልደረሰ ለከርሞ ይመለሳል። ክንዱ የረዘመ የ5 ዓመት ልጅ ተማሪ ሆኖ፣ አናቱ የተለቀ የ8 ዓመት ልጅ እረኛ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አሠራሩ ኋላ ቀር ነው የሚል ካለ ደግሞ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋን ይመልከት። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ ሲያስመረምር ፓስፖርታቸውን አጥቶ አይደለም። በጆሮና በእጅ አንጓ መካከል ያለው ልዩነት የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፦ ጥቅም ባለበት ቦታ ወረቀት ዕድሜን አይወስንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሥነ ምግባራዊ ነው። ይህ ሁሉ ዕድሜ መዋዠቅ አይደለም፣ ተራ ውሸት ነው ይላሉ። ውሸት እንዲባል ግን የሚታለል ሰው ያስፈልጋል። ረዳቱ ማሙሽ 3 ዓመቱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እናትም ረዳቱ እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ ረዳቱም ልጁ ሚስት እንደማያገባ አይጠፋውም። ገበያ ላይ ሻጭ ከፍ፣ ገዢ ዝቅ አድርጎ የጠራውን ዋጋ ውሸት የሚለው የለም፤ የጨረታ መነሻ ነው። የልጅ ዕድሜም እንዲሁ ነው። በመሠረቱ ቁጥሩ ከሁለት በኩል የሚያዝ እጀታ አለው፤ አራተኛ ልደቱን ያከበረ ልጅ እስከሚቀጥለው ልደቱ ድረስ በአንድ አፍ «አራት ሞልቶታል»፣ በሌላ አፍ «አምስት ይዟል» ቢባል ሁለቱም ልክ ነው። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ጥናት ይፈልጋል። እሱ ልደቱን በቀኑ የሚያገኘው በየአራት ዓመቱ በመሆኑ፣ ጎበዝ ጠበቃ ካገኘ እስከ ጎረምሳነቱ ድረስ ታቅፎ ሊሳፈር የሚችልበት ሕጋዊ ክፍተት ይታያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ሥርዓት ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በአውሮፕላን፣ ዕድሜ የተቆረጠ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ አየር መንገዶች በጥቅሉ ከ2 ዓመት በታች ያለን ልጅ ያለ መቀመጫ፣ ከአዋቂው ዋጋ ጥቂቱን አስከፍለው በዕቅፍ ይወስዳሉ፤ 2 ዓመት የሞላው ወንበር ይገዛል። ነገር ግን ይህ ክርክራችንን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተርና ምህንድስና ተሰልፎ በመጨረሻ የደረሰበት መለኪያ የሳሪሱ ታክሲ መለኪያ ነው፤ የእናት ጭን። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለክረምት የሚመጣ ቤተሰብ የጉዞውን ቀን የሚመርጠው ምን አይቶ እንደሆነ ቢጠየቅ የዘመድ ሠርግ ይጠቅሳል፤ ካላንደሩን ገልጦ ያየው ግን የልጁን ሁለተኛ ልደት ፍለጋ ነው። ልደቱ በጉዞው መካከል ከዋለ ልጁ ሲመጣ ዕቅፍ ሆኖ፣ ሲመለስ ወንበር ሆኖ ይሄዳል። ዕድሜ ጉዞውን አልወሰነም፤ ጉዞው ዕድሜን ሸሽቷል።

እስካሁን የቀረበው ማስረጃ አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሊጥል ይችላል። ሰው ሁሉ የልጅን ዕድሜ ወደ ኪሱ በኩል ይጎትታል፣ ነገሩ ስስት ነው የሚል። ይህን የሚያፈርሰው ማስረጃ የሚገኘው አመሻሽ ላይ፣ «እግረ መንገዳችንን እትዬን ሳንጠይቅማ አንሄድም» ተብሎ በሚገባበት የዘመድ ቤት ነው። ማሙሽ ገና ከበር «ትልቅ ልጅ አይደለህ? ሳማቸው እንጂ» ተብሎ ያድጋል። ጥቂት ቆይቶ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከእንግዳ በቀር የማይጠጣበትን ብርጭቆ አውርዶ ይሰብራል። በታክሲው ሕግ ብንሄድ እናት «ሕፃን ነው» ማለት፣ የብርጭቆው ባለቤት ደግሞ «ይሄን የሚያህል ልጅ!» ማለት ነበረባቸው። የሚሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። እናት ተነሥታ «አንተ ትልቅ ሰውዬ! ይሄን ያክል ሆነህ!» ብላ ትቆጣለች። እትዬ ደግሞ ስብርባሪውን በመጥረጊያ እየሰበሰቡ «ተይው ልጄ፣ ምን ያውቃል፤ ሕፃን እኮ ነው» ይላሉ። እናት ዕድሜውን የጨመረችው ጥፋቱ በእሷ ላይ እንዲቆጠር ነው፤ ባለቤቲቱ የቀነሱት ኪሳራው በእሳቸው እንዲቀር ነው። ሁለቱም የሚጎትቱት ወደ ጉዳታቸው ነው። ምግብ ቤት ውስጥ «በሞቴ እኔ ልክፈል» እያለ የወዳጁን እጅ ከኪሱ የሚያስወጣን ሰው ያየ ሁሉ ነገሩን ወዲያው ይለየዋል። ከባዳ ጋር ላለመክፈል፣ ከዘመድ ጋር ለመክፈል ይጣላሉ፤ በሁለቱም ጠብ ወዲህና ወዲያ የሚጎተተው ገመድ የማሙሽ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሕጉን በምልዓት ስናስቀምጠው፣ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው በቅድሚያ በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ያለውን ዝምድና ማጣራት አለበት።

የቀረው ምስክር ልጁ ራሱ ነው። ይህ ምስክር ለየትኛውም ወገን አስተማማኝ አይደለም። ዕድሜውን ከነተኩሉ ያውቃል፤ በዚያም ይኮራል። የመናፈሻው በር ላይ «ሦስት አልሞላውም» ሲባል ከእናቱ ትከሻ ላይ አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ «አምስት ተኩል ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። እናት «መቁጠር አይችልም እኮ» ትላለች። ይህች ንግግር ምን ያህል እንደምታስከፍላት የሚያውቀው፣ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ልጅ ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ሄዳ «እስከ መቶ ይቆጥራል» ያለችበትን የሰማ ሰው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ የዋህ ሆኖ አይቆይም። ቅዳሜ ሲያልቅ፣ ጠዋት «እጄን አትያዢኝ፣ ትልቅ ነኝ» ሲል የነበረው ማሙሽ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ቆም ብሎ «እማዬ አቅፊኝ፣ ሕፃን ነኝ» ይላል። ትምህርቱ ገብቶታል፤ ዳገቱን ማን ይክፈል የሚለውን አስልቶ ዕድሜውን አስተካክሏል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጅነት የሚያበቃው መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። የቤተሰብ ሕጉ አካለ መጠን የሚደረሰው በ18 ዓመት ነው ይላል፤ ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ቀን ያመለክታል። ረዳቱ «ሂሳብ» ብሎ እጁን እናቱን አልፎ በቀጥታ ወደ ልጁ የዘረጋ ዕለት፣ ልጁም ኪሱ የገባ ዕለት፣ ልጅነት አልቋል። ከዚያ ወዲህ ዕድሜው እንደ ማንኛውም ሰው በዓመት አንድ አንድ እያለ ይጨምራል፤ ሊቀንስለት የሚሟገት ግን አያገኝም።