አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ይገዛል?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። ይኸው ስንት መስከረም ጠባ፣ አንድ ፊልም ስንት ጊዜ እንደሚገዛ የሚነግረኝ ሰው ግን አጣሁ። በካሴት ገዛነው። ካሴት ቀረ፣ ዲቪዲ መጣ ሲሉን ያንኑ ፊልም እሺ ብለን ደግመን ገዛን። እሱን ሳንጠግበው እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ «ያ እኮ ጭጋግ ነው፤ አሁን የተዋናዩን ሽበት አንድ በአንድ የሚያሳይ መጣላችሁ» አሉን። የሰው ሽበት ቆጥሬ ምን ላደርግ? የራሴ መች አነሰኝ!

እሱስ ይሁን። ያናደደኝ አንድ ሆኖ አለመምጣቱ ነው። ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ የሚባል ይዞ ብቅ አለ፤ ሶኒና ፓናሶኒክ ከነአጃቢዎቻቸው ብሉሬይ ይዘው ወጡ። ሁለቱም ዲስኮች ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱንም የሚያነባቸው ያው 405 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ሌዘር ነው። ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስሉሃል፤ ነገር ግን የአንዱን ዲስክ የሌላው ማጫወቻ በጄ አይልም። ምን ቢለያያቸው ነው ብዬ ጠየቅሁ። ፊልሙ የተጻፈበት ንጣፍ በኤችዲ ዲቪዲ ከገጹ 0.6 ሚሊ ሜትር ገባ ይላል፤ በብሉሬይ 0.1 ብቻ። ብሉሬይ ለገጹ ስለቀረበ ጽሑፉን አጠጋግቶ በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት ይይዛል፣ ያኛው 15። ቶሺባ ደግሞ «የእኔ አሠራሩ ለዲቪዲ ስለሚቀርብ በዲቪዲ ፋብሪካ በርካሽ ይመረታል» ባይ ነው። በቃ፣ ጠቡ ይኸው ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር! በ2005 ለመታረቅ ተቀምጠው ነበር አሉ፤ ሳይስማሙ ተነሡ። በእኛ አገር ደም የተቃባ እንኳ በሦስት ሽማግሌ ይታረቃል።

የልጄ ባል (የምንኖረው ሜሪላንድ ነው) መቸኮል ይወዳል። በ2006 ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ አሜሪካ ገበያ ሲገባ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። በሰኔ የመጣው የሳምሰንግ ብሉሬይ 999። ልጁ ርካሹን ተሸክሞ መጣ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ የወደፊቱ ነው» አለኝ።

«የወደፊቱ ከሆነማ ወደፊት እናየዋለን» አልኩት፤ ገና ዋጋውን ስሰማ ደሜ ከፍ ብሏል።

ከዚያ ወዲያ የቤታችን ሰላም ደፈረሰ። ከፊልም ኩባንያዎቹ ዩኒቨርሳል ለኤችዲ ዲቪዲ ብቻ ሠራ። ዲዝኒና ፎክስ ለብሉሬይ ብቻ። ፓራማውንት ለሁለቱም ሲያወጣ ቆይቶ በነሐሴ 2007 ብሉሬይን ጥሎ ሄደ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ ፊልም ለማየት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያጣራው ታሪኩን ሳይሆን ፊልሙ የየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። ሁለቱንም የሚያጫውት ማሽን ኤልጂ ያን ዓመት አውጥቶ ነበር፤ 1,199 ዶላር። በዚያ ዋጋ ተዋናዩ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ቢጫወትልኝ ይሻለኛል። ደግሞ በአንድ ፊቱ ተራ ዲቪዲ፣ በሌላ ፊቱ ኤችዲ ዲቪዲ የሆነ ዲስክ ነበር። ሥዕል የለበትም፤ የትኛው ፊት የትኛው እንደሆነ መሐል ቀዳዳው ዙሪያ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። መነጽሬን ፈልጌ እስካነብ ሰው ሁሉ ይተኛል።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ምስሉ ያማረው እንዳትሉኝ። ከሶፋዬ ላይ ሆኜ ሳያቸው ሁለቱም እኩል ያምራሉ። በኅዳር 2006 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 የሚባለውን የጨዋታ ማሽን ሲያወጣ ብሉሬዩን ሆዱ ውስጥ ከትቶ ነው። የልጅ ልጄ መኪና ሊያጋጭበት፣ ጠላት ሊተኩስበት አስገዛ፤ ብሉሬዩም ሳይጠራ ሳሎን ገባ። በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። የአዋቂዎቹን ክርክር የፈረደው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው ብዬ ዛሬም እሞግታለሁ።

የቀረው ፈጠነ። ዋርነር ብራዘርስ ለሁለቱም ሲያወጣ ኖሮ ጥር 4 ቀን 2008፣ ላስ ቬጋስ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ሊከፈት ሲል፣ ከእንግዲህ ብሉሬይ ብቻ አለ። የኤችዲ ዲቪዲ ወገኖች እዚያ ሊሰጡት ያሰቡትን መግለጫ ሰረዙ። በየካቲት ኔትፍሊክስና ዋልማርት ተከተሉ፤ በ19ኛው ቀን ቶሺባ መሸነፉን አወጀ። ከገበያ መግቢያው እስከ ተዝካሩ ሁለት ዓመት አልሞላም። የልጄ ባል ማሽን ቤዝመንት ወርዶ እስካሁን ተራ ዲቪዲ ያጫውታል፤ እኔም ሳልፍ «የወደፊቱ እንደምን አደረ?» እለዋለሁ።

ሶኒም ብዙ አይኩራ። በ1975 ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ያወጣው እሱ ነው፤ በዓመቱ በመጣው ቪኤችኤስ ተሸንፎ ነበር። በብሉሬይ ቂሙን ተወጣ እንበል፤ ግን ምን ላይ ነገሠ? ያኔ ብሉሬይን የመረጠው ኔትፍሊክስ በ2023 ዲስክ በፖስታ መላኩን እርግፍ አድርጎ ተወ። አሁን ፊልሙ ሁሉ በኢንተርኔት ነው፤ በየወሩ ትከፍላለህ፣ አንድ ቀን ስትፈልገው «ተነሥቷል» ይልሃል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ለእኔ ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። የልጄ ሠርግ የተቀረጸው በቪኤችኤስ ነው። እናቷ በሕይወት ሳለች ስትጨፍር የሚታየው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ማጫወቻችን ተበላሸ፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ደግሞ በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ስለዚህ እናንት አንባቢዎች፣ በየጓዳችሁ የሚሠራ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ያላችሁ እባካችሁ አትጣሉት። አውሱኝ፤ ወስጄ ሳልውል ሳላድር እመልሳለሁ።