ግራምን ከሞል ማደባለቂያ መንገድ

ግራምን ወደ ሞል ሲቀይር መሳሳት የሚሻ ተማሪ ብዙ መልፋት የለበትም። በመጀመሪያ ያቺን ሦስት ማዕዘን ይሳል፤ ላይ መጠነ ቁስ፣ ታች ሞልና የሞል ክብደት። ለምን እንዲህ እንደተደረደሩ አይጠይቅ፤ ይሸምድድ። ፈተና ላይ ከተገለበጠችበት ጥፋቱ የመምህሩ ነው።

ቀጥሎ ያባዛ። 36 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው ሲባል፣ የአንድ ሞል ውሃ ክብደት 18 ግራም መሆኑ ትዝ ካለው 36ን በ18 አባዝቶ 648 ይጻፍ። ምርጫው ውስጥ ካላገኘው ያካፍል፤ ግን 18ን ለ36። 0.5 ከ2 ይልቅ ኬሚስትሪ ይመስላል።

አሃድ ፈጽሞ አይጻፍ። ከጻፈ ግራም በግራም ተሰርዞ ሞል ብቻውን ሲቀር ያያል፤ ያየ ደግሞ አይሳሳትም።

ያገኘውንም መልስ ዞር ብሎ አይመልከት። ኧረ በሕግ! 648 ሞል ውሃ እኮ 11 ኪሎ ከ664 ግራም ነው። ሲኒ ከማይሞላ ውሃ ግማሽ ጀሪካን ሲትረፈረፍ እንዴት አይደነግጥም? ሁለት ሰከንድ ማሰብ ምን ያህል ይከብዳል?

ለማንኛውም፣ ወደ ምክሩ። የሞል ክብደት ሲደምር ቅንፍ ይዝለል። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 40፣ 16 እና 1 ሆኖ 57 ይውጣለት፤ ከቅንፉ ውጭ ያለችው 2 ኦክስጅኑንም ሃይድሮጅኑንም እጥፍ አድርጋ 74 ላይ ታደርሰው ነበር። የኦክስጅን ጋዝንም 16 ይበለው፤ አቶሞቹ ጥንድ ሆነው 32 መሙላታቸው የራሳቸው ጉዳይ ነው።

22.4 ሊትር? ለጋዙም፣ ለፈሳሹም፣ ለጨውም።

ቤተ ሙከራ ሲገባ ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ይጠብቀዋል። ክሪስታሉ በአንድ ሞል 5 ሞል ውሃ ይዟልና 249.7 ግራም መመዘን ይገባ ነበር። እሱ ግን ከዚሁ ክሪስታል የደረቁን ልክ 159.6 ይመዝን፣ ውሃ ጨምሮ 1 ሊትር ይሙላ፣ ጠርሙሱ ላይም “1 ሞላር” ብሎ ይለጥፍ። ውስጡ ያለው 0.64 ገደማ ነው። ከዚያ የሚቀዱ ጓደኞቹ ሙከራቸው ለምን እንደከሸፈ ሲጨቃጨቁ ይዋሉ።

በመጨረሻም ኢኩዌሽን ባላንስ ሲያደርግ ከፊት የሚጽፋቸውን ቁጥሮች ግራም ናቸው ብሎ ይመን። ውሃ ለመሥራት 2 ሞል ሃይድሮጅን ከ1 ሞል ኦክስጅን፣ ማለትም 4 ግራም ከ32 ግራም ያስፈልጋል። እሱ 2 ግራም ከ1 ግራም ያገናኝና 3 ግራም ውሃ ይጠብቅ። የሚያገኘው 1.125 ግራም ነው፤ 1.875 ግራም ሃይድሮጅን ሳይነካ ይተርፋል። በሪፖርቱ ላይ “ሚዛኑ የተበላሸ ነው” ብሎ ይፈርም።