ሽሮ የናቀች ድመት ክር ስለ መዋጧ፦ አጭር ጥናት

የቤት ድመት በምግብ ረገድ ጥንቁቅ መሆኗ ሊቃውንትን አላከራከረም። ሽሮ የነካው እንጀራ ሲቀርብላት ታሸትታለች፤ አቅራቢውን ቀና ብላ ትታዘበዋለች፤ ከዚያ ጅራቷን ቀስራ ትሄዳለች። ይህችው ፍጥረት ሥጋ የመጣበትን ፌስታል፣ የልጅቱን የፀጉር ላስቲክና ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀውን ክር ግን ያለ ማባያ ትውጣለች። የጥናቱ ዓላማ ይህን ተቃርኖ መመርመር እንጂ ድመቷን ማሳፈር አይደለም፤ ማሳፈሩ በየቤቱ ተሞክሮ ውጤት አልተገኘበትም።

ፌስታሉ ብዙ ምርምር አይሻም፤ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ሹራብ መጥባትና ማኘክ ደግሞ በተለይ ሲያሚዝና በርሚዝ በተባሉት ዝርያዎች ይታወቃል፤ የሰፈራችን ድመቶች ዝርያቸውን ተናግረው አያውቁም። ዋናው ጉዳይ ክር ነው።

የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮ ባዘነበሉ ጥቃቅን እሾኾች የተሸፈነ ነው። ጥፍራችን ከተሠራበት ኬራቲን የተሠሩ ናቸው። ፀጉር ለማበጠር፣ ከአጥንት ላይ ሥጋ ለመፋቅ ተወዳዳሪ የላቸውም። ክር ሲያገኙ ግን ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አያሳልፉም፤ ልትተፋው በታገለች ቁጥር ይገባል። እናም የሆዳምነቱ ክስ ቢያንስ በከፊል ውድቅ ነው፦ የጀመረችው እሷ፣ የጨረሰው ምላሷ። ስለ ድመት ዓመል የተተረተው ሁሉ ለምላሷ ድርሻ አለመስጠቱ ያሳዝናል።

ጣጣው የሚመጣው የክሩ አንድ ጫፍ ምላስ ሥር ወይም የጨጓራው መውጫ ላይ ሲያዝ ነው። የአንጀት ሥራ መግፋት ነውና ይገፋል፤ ክሩ አልሄድ ሲለው ራሱ ክሩ ላይ ይሰበሰባል፣ ገመዱ እንደ ተሳበ የሱሪ ወገብም ይሸበሸባል። ሲቆይ ክሩ የአንጀቱን ግድግዳ ይቆርጠዋል።

ድመቷ ታስመልሳለች፤ እህል አትቀምስም፤ ከአልጋ ሥር አትወጣም። በዚህን ጊዜ ቤተሰቡ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ሁለተኛው ከኋላዋ ብቅ ያለ ክር ካየ ይጎትታል። የመጀመሪያው ጊዜ ይገድላል፤ አንዳንዴም ድመቷን ጨምሮ። ሁለተኛው አንጀት ሊቀድ ይችላል። ክሩን ሳይነኩ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ የሚል ሦስተኛ ጎራም አለ፤ ተከታዮቹ ጥቂት ናቸው።

ሐኪሙ ራጅ ያነሣታል። ተራ ክር በራጅ አይታይም፤ የአንጀቱ መሸብሸብ ግን ያሳብቃል። ሆዷ ተከፍቶ ክሩ ይወጣል፣ ቁስሉም ይሰፋል። የሚሰፋው በክር ነው። ታካሚዋ ከማደንዘዣው ስትነቃ ቀድማ የምትመረምረው ይህንኑ ስለሆነ ጭንቅላቷን የሚከብ አንገትጌ ይጠለቅላታል። አንገትጌው ፕላስቲክ መሆኑ ለቀጣይ ጥናት ተትቷል።